ከአውድማ እስከ መሶብ

በኢትዮጵያ ከአንድ ቤተሰብ ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ምግብ ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የዋጋ ለውጥን ሲያሰላ ለምግብ የሚሰጠው ክብደት ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ ነው። ቤተሰቡ 100 ብር ቢያወጣ ከ50 የሚበልጠው ለጤፍ፣ ለዘይት፣ ለሽንኩርት፣ ለበርበሬ፣ ለሽሮና ለመሳሰሉት ይሄዳል ማለት ነው። ይህ አማካይ ነው። ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኤርነስት ኤንግል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳሳየው የቤተሰብ ገቢ ባነሰ ቁጥር ለምግብ የሚውለው እጅ እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ የጤፍ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ሀብታሙ ቤት የሚቀነሰው ከተራፊው ገንዘብ ሲሆን፣ በቀን ሠራተኛው ቤት ግን የሚቀነሰው ከራሱ ከእንጀራው ነው።

ለውድነቱ በየሰፈሩ የሚሰጠው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ነጋዴው ጨመረ ይባላል። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ግን ጥያቄውን ከመጨረሻው በር ላይ ያስቆመዋል። ባለ ሱቁ የሚጨምረው እጁ ላይ በደረሰው ዋጋ ላይ ነው፤ ያ ዋጋ ደግሞ ከማሳው ጀምሮ በየደረጃው ሲከብድ የመጣ ነው። ሸክሙ የት የት እንደተጫነ ለማየት አንድ ኩንታል ጤፍን ከአውድማው ጀምሮ መከተል ይበጃል።

ጤፍ በአገሪቱ ከሚዘሩ የብርዕ ሰብሎች ሁሉ ሰፊውን መሬት ይይዛል፤ ስፋቱ 3 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው። ምርቱ ግን ለመሬቱ ስፋት የሚመጥን አይደለም። ከአንድ ሄክታር በቆሎ በአማካይ 40 ኩንታል ያህል ሲታፈስ፣ ከአንድ ሄክታር ጤፍ የሚገኘው 19 ኩንታል አካባቢ ነው። ዘሩ ደቃቅ በመሆኑ መሬቱ ተደጋግሞ ታርሶ መልሶ መለስለስ አለበት። አረሙ በእጅ ይነቀላል፤ አጨዳው በማጭድ ነው፤ በብዙ ቦታ ውቂያው አሁንም በበሬ እግር ነው። ማዳበሪያ ሲበዛለት ደግሞ አገዳው ይረዝምና ፍሬው ሲከብደው ይጋሽባል፤ መሬት ላይ ይተኛል። ግሽበት የሚለው ቃል ከባንክ ቤት ውጭ በእርሻ ቋንቋም ውስጥ አለ፤ ሰብል ከአቅሙ በላይ አድጎ መውደቁን ይገልጻል። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ቁንጮ ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎችን አውጥቷል፤ ቁንጮ ነጭና ምርታማ በመሆኗ በብዙ አካባቢ ተስፋፍታለች። ቢሆንም የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ይዞታ በአማካይ ከአንድ ሄክታር በታች በሆነበት አገር፣ ዝርያ ብቻውን የትም አያደርስም። አባት ለልጆቹ ሲያካፍል ማሳው እየጠበበ፣ በአንጻሩ የከተማው ሸማች ቁጥር እየበዛ ይሄዳል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ጤፍ ይበቅልባቸው ከነበሩት መሬቶች ብዙዎቹ ዛሬ ቤትና ፋብሪካ የቆመባቸው ናቸው።

ገበሬው ዘሩን ከመዝራቱ በፊት ሌላ ዕዳ አለበት፤ ማዳበሪያ። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበትን ዩሪያና ሌላ የአፈር ማዳበሪያ ከውጭ ትገዛለች፤ ግዢው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ጭነቱ ጅቡቲ ወደብ ላይ ወርዶ ወደ 900 ኪሎ ሜትር በጭነት መኪና ይጓዛል። ዩሪያ የሚሠራው በዋናነት ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሆነ የጋዝ ዋጋ ሲያሻቅብ አብሮ ያሻቅባል። በ2014 ዓ.ም. የካቲት ወር ሩሲያ ዩክሬን ላይ ጦርነት ስትከፍት የሆነው ይህ ነበር። ከማዳበሪያ ላኪዎች አንዷ ጦርነት ውስጥ ገባች፣ የጋዝ ዋጋም ናረ፤ ቀድሞውንም እየጨመረ የነበረው የማዳበሪያ ዋጋ ጎጃምና አርሲ ያለው ገበሬ ፈጽሞ ያልጠበቀው ቦታ ደረሰ። በዚያ ክረምት ብዙዎች የማዳበሪያውን መጠን ቀነሱ፤ ያልቀነሱት ተበደሩ። የጤፍ ዋጋ በኅዳር ሲነገር የሰኔው ዕዳ በውስጡ አለ። መንግሥት ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በሶማሌ ክልል ጎዴ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመሥራት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ተፈራርሟል። በአካባቢው ያለው የተፈጥሮ ጋዝ ለፋብሪካው ግብዓት ይሆናል ተብሎ ታስቧል። ፋብሪካው አልቆ ማምረት እስኪጀምር ድረስ ግን እያንዳንዱ ከረጢት በዶላር መገዛቱ ይቀጥላል።

ሰብሉ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሰበሰብ ዋጋው ረገብ ይላል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወጣል። ይህ የዘመናት ልማድ ነው። ከተሜው ብዙም የማያስተውለው ግን ከዚህ ውጣ ውረድ ገበሬውም አለመትረፉን ነው። የማዳበሪያ ዕዳ፣ የመሬት ግብር፣ የልጅ ትምህርት ወጪ የሚከፈለው በመከር ሰዓት ስለሆነ አነስተኛ ይዞታ ያለው ገበሬ ዋጋ ዝቅ ባለበት ወቅት ይሸጣል። ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲጎድል እሱም ሸማች ይሆናል፤ ያውም በረከሰ የሸጠውን በውድ የሚገዛ ሸማች። ስለዚህ የእህል ዋጋ መናር ገጠሩን ሁሉ ያበለጽጋል የሚለው ሐሳብ ሰፊ ማሳና የማያጣድፍ ኪስ ላላቸው እንጂ ለብዙኃኑ ገበሬ አይሠራም።

ከአውድማው በኋላ መንገዱ ይጀምራል። ከቢቸና ወይም ከምንጃር የተነሳ ጤፍ መጀመሪያ ለአካባቢው ሰብሳቢ ይሸጣል፤ ከሰብሳቢው ለወረዳው ነጋዴ፤ ከእሱ በደላላ አገናኝነት ለአዲስ አበባው ጅምላ ሻጭ። መርካቶ እህል በረንዳ ሲደርስ ጫኝና አውራጅ የድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ሲጫን አንድ ጊዜ፣ ሲወርድ አንድ ጊዜ፣ ወደ ሰፈር ወፍጮ ቤት ሲሄድ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይከፈላል። ነዳጁም አለ። አገሪቱ ነዳጅ በሙሉ ከውጭ ስለምታስገባ መንግሥት ለረጅም ዓመታት ልዩነቱን እየደጎመ ዝቅ ባለ ዋጋ ያቀርብ ነበር፤ ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሳ የናፍጣ ዋጋ ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ተስተካክሏል። የአይሱዙው ባለቤት ለናፍጣ የጨመረውን ከጤፉ ባለቤት ይቀበላል፤ የጤፉ ባለቤት ደግሞ ከእንጀራ ገዢው።

ከሁሉ በላይ ግን መንገዱን ያከበደው ሰላም ማጣት ነው። በሰሜኑ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ጦርነት እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ድረስ ሁለት የምርት ዘመን በላ፤ ገበሬ ከማሳው ተፈናቀለ፤ በሬ ታረደ፤ የተሰበሰበም ተቃጠለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል፣ ጤፍና በቆሎ በብዛት በሚመረትበት በጎጃም ጭምር፣ ግጭት አለ። መንገድ ሲዘጋ ሾፌር አይንቀሳቀስም፤ የተንቀሳቀሰውም በየኬላው ለሚጠየቀው ገንዘብና ለሚያጋጥመው አደጋ ማካካሻ ይጠይቃል። ያ ማካካሻ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ የማይጻፍ የዋጋ አካል ነው። ከተማ ውስጥ ሆኖ ጤፍ ለምን ጨመረ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ መልሱ አንዳንድ ጊዜ ማምረቻው ላይ ጤፍ ስለጠፋ ሳይሆን ማለፊያ ስለጠፋ ነው።

ነጋዴው ደብቆት ነው የሚለው ክስ በዚህ መሃል ይመጣል። እህል ተደብቆ የሚከማችበት ጊዜ አለ፤ መካድ አያስፈልግም። ግን ሰው ለምን እህል ያከማቻል? ለዓመታት የባንክ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው ተመን 7 በመቶ በነበረበት ጊዜ የዋጋ ግሽበቱ አንዳንድ ጊዜ 30 በመቶን ያልፍ ነበር። ባንክ ያስቀመጠ ሰው በየዓመቱ የገንዘቡን አቅም ያጣል፤ ጤፍ ያስቀመጠ ግን አያጣም። ስለዚህ አቅም ያለው ገበሬ ጎተራውን፣ ነጋዴው መጋዘኑን፣ የከተማው ደሞዝተኛም የቻለውን ያህል አንድ ሁለት ኩንታል በቤቱ እንደ ቁጠባ ደብተር ይጠቀምበታል። ሁሉም በየራሱ ልክ ነው፤ አንድ ላይ ሲሆን ግን ገበያው ውስጥ የሚገባውን እህል ያሳንሰዋል። በጥቂት አስመጪዎች እጅ ባለ ሸቀጥ ላይ ዋጋን በስምምነት መስቀል እውነተኛ አደጋ ነው፤ በሺዎች በሚቆጠሩ ነጋዴዎች እጅ በሚያልፍ እህል ላይ ግን ክምችቱ ከግሽበቱ ምክንያትነት ይልቅ ውጤትነቱ ያመዝናል።

ዋጋን በትእዛዝ ማቆም ተሞክሯል። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት ሥጋን፣ ዳቦንና ዘይትን ጨምሮ በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። በጣሪያው መሸጥ ያላዋጣው ነጋዴ ዕቃውን አነሳ፤ መደርደሪያው ባዶ ሆነ፤ ሰልፍ በዛ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጣሪያው ከአብዛኛው ሸቀጥ ላይ ተነሳ። ተመን ዋጋን ይጽፋል፤ ዕቃ ግን አያመጣም።

የሽንኩርት ነገር ከጤፍ ይለያል። ጤፍ ብዙ ዓመት ቢቀመጥ አይነቅዝም፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ግን በሳምንታት ውስጥ ይበሰብሳሉ። የመቂ፣ የዝዋይ፣ የሸዋ ሮቢትና የፎገራ አምራች ባለፈው ዓመት ሽንኩርት ተወዶ ካየ ዘንድሮ ሁሉም ሽንኩርት ይተክላል፤ ሁሉም በአንድ ሰሞን ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ የለቀማውን ጉልበት እንኳ ስለማይሸፍን ማሳ ላይ የሚተው አለ። የከሰረው በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ሰብል ይዞራል፤ ሽንኩርቱ ይጠፋል፤ ዋጋው እንደገና ይሰቀላል። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ሽንኩርቱን ስለሚያበሰብሰውና የመስኖ ምርት ስለሚያልቅ፣ ዋጋው በየዓመቱ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ይንራል። ቀዝቃዛ መጋዘን፣ ተስማሚ የእቃ መያዣና ሽንኩርትን አድርቆ የማቆየት ልማድ ቢስፋፋ ይህ መዋዠቅ በእጅጉ ይቀንስ ነበር። ዛሬ ባለው ሁኔታ ከማሳ የተነቀለው ሁሉ ሸማቹ ጋ አይደርስም፤ በጆንያ ታምቆ፣ በፀሐይ ተጠብሶ መንገድ ላይ የሚበላሸው ክፍል ዋጋ በቀሪው ላይ ይታሰባል። ገዢው የሚከፍለው ለገዛው ኪሎ ብቻ ሳይሆን ለበሰበሰውም ጭምር ነው።

በዘይት ደግሞ ቅሬታው ሌላ ነው። ኑግ የኢትዮጵያ ሰብል ነው፤ የሁመራና የመተማ ሰሊጥ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ሆኖም በአብዛኛው ቤት ሽንኩርት የሚቁላላበት ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ የሚመጣ የፓልም ዘይት ነው። ሰሊጡ ዶላር እንዲያመጣ ወደ ውጭ ይላካል፤ ዶላሩ ተመልሶ ዘይት ይገዛል። በቡሬና በደብረ ማርቆስ ትላልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ተተክለዋል፤ የቅባት እህል እጥረትና የውጭ ምንዛሪ ችግር ግን በሙሉ አቅማቸው እንዳይሠሩ አድርጓቸዋል። ስለዚህ ኢንዶኔዥያ በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ለሳምንታት ስትከለክል፣ የዩክሬን የሱፍ ዘይትም በጦርነቱ ምክንያት ወደብ ላይ ሲታሰር፣ መዘዙ አዲስ አበባ ውስጥ ሽሮ እስከምትሠራ እናት ድረስ ደረሰ። በጾም ወራት ደግሞ ሥጋና ቅቤ የተወ ቤት ሁሉ ወጡን በዘይት ስለሚያበስል ፍላጎቱ ይብሳል።

እስከዚህ የተነሱት ምክንያቶች የአንዱን ወይም የሌላውን ሸቀጥ ዋጋ ያስረዳሉ። ሁሉም ነገር በአንድነት ለምን እንደሚወደድ፣ ለምን ጤፍም፣ ሳሙናም፣ የቤት ኪራይም፣ የታክሲ ሒሳብም እንደሚጨምር ግን አያስረዱም። የዚያ መልስ ከገበያው ይልቅ ከብሩ ዘንድ ነው። ለረጅም ዓመታት መንግሥት ከታክስ የሰበሰበው ለወጪው ሳይበቃ ሲቀር ልዩነቱን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ይበደር ነበር። ያ ብድር አዲስ ገንዘብ ነው፤ ሆኖም በእሱ ልክ አዲስ ጤፍ፣ አዲስ ዘይት አልተመረተም። በኢኮኖሚው ውስጥ ያለው የገንዘብ መጠን በዓመት ከ20 እስከ 30 በመቶ ሲያድግ እርሻው በዚያ ፍጥነት ሊያድግ አይችልም። ብዙ ብር ጥቂት ዕቃን ሲያሳድድ ዕቃው ሳይለወጥ የብሩ ክብደት ይቀንሳል። በ2014 ዓ.ም. የምግብ ዋጋ ግሽበት 40 በመቶን ያለፈባቸው ወራት የታዩት ይህ የብር ብዛት፣ ጦርነቱ፣ ድርቁና የዓለም ገበያው አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው። በቦረናና በሶማሌ ክልል በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሳይዘንብ በመቅረቱ ከብቱ ያለቀበት ጊዜም ያው ነበር።

ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ልጓሙን ማጥበቅ ጀመረ። የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ፤ ለመንግሥት የሚሰጠውን ቀጥተኛ ብድርም ካለፈው ዓመት ሲሶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሌላ ትልቅ ውሳኔ ተከተለ፤ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዘይት፣ ማዳበሪያ፣ ነዳጅ፣ መድኃኒት በዶላር የሚገዙ ስለሆኑ የአስመጪው ወጪ በብር ሲሰላ በዚያው ልክ ያድጋል። ነገር ግን ቀድሞም በርካታ አስመጪ ዶላር የሚገዛው ከጥቁር ገበያ፣ በዚያ ዋጋ ስለነበር፣ ጭማሪው የባንኩ ተመን ያሻቀበውን ያህል ሆኖ ሳይታይ ቀርቷል። ልጇ ከሪያድ ወይም ከዱባይ ገንዘብ የምትልክላት እናት በባንክ የሚደርሳት ብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ደሞዙ በብር ብቻ ለሆነ ቤተሰብ ግን የምንዛሪው ለውጥ ከኪሱ ወጣ እንጂ ወደ ኪሱ አልገባም።

ከዚያ ወዲህ የግሽበቱ መጠን ወርዷል፤ በ2017 ዓ.ም. ክረምት 13 በመቶ አካባቢ ነበር። ይህ ዜና በሬዲዮ ሲነገር ብዙ ሸማች ግር ይለዋል፤ ገበያ ሲወጣ የቀነሰ ነገር አያይምና። ግሽበት የዋጋው ከፍታ ሳይሆን የዋጋው ፍጥነት ነው። በ100 ብር ይገዛ የነበረ ዕቃ በመጀመሪያው ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 130 ብር ይሆናል፤ በሁለተኛውም 30 ቢጨምር 169፤ በሦስተኛው 25 ቢጨምር 211፤ በአራተኛው ጭማሪው ወደ 15 በመቶ ወርዷል ቢባል እንኳ 243 ብር ይደርሳል። ግሽበቱ በግማሽ ሲቀንስ ዋጋው አልቀነሰም፤ የሚወጣበት ፍጥነት ነው የቀነሰው። ሸማቹ የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን 100 ብር ነው፤ ትዝታው ትክክል ነው።

ዋጋው በእጥፍ ሲያድግ ገቢው በእጥፍ ቢያድግ ኖሮ ጉዳቱ ባነሰ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተሻሽሎ ዝቅተኛው 6,000 ብር ሆኗል። በግል ድርጅት ለሚሠራው ግን በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደሞዝ የለም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደሞዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም ተመኑ ገና ነው። ጡረተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ የቀን ሠራተኛው ገቢያቸው ከገበያው ኋላ በሩቁ ይከተላል።

ልዩነቱን የምትሞላው እናት ናት፤ የምትሞላውም በመተካት ነው። ማኛ ጤፍ ይገዛ የነበረ ቤት ወደ ሰርገኛ ይወርዳል፤ ከዚያ ጤፉ ከሩዝ፣ ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ዱቄት ጋር ይደባለቃል። ሥጋ ለበዓል ብቻ ይሆናል፤ ቀጥሎ እንቁላሉና ወተቱ ይቀራሉ፤ ወጡ ሽሮ፣ ሽሮው ቀጭን ይሆናል። ሆድ አይራብም ይሆናል፤ ሰውነት ግን ይጎዳል። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባው ቁመት ያልነበራቸው ሆነው ተገኝተዋል፤ ይህ ከ2014 ዓ.ም. ግሽበት በፊት የነበረ ቁጥር ነው። የእሁድ ገበያዎችና የሸማቾች ማኅበራት ሰንሰለቱን አሳጥረው ጥቂት ብሮችን ያስቀራሉ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የተማሪዎች ምገባ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ለደሃው ቤት የሚሰማ እገዛ ነው፤ ቁርስና ምሳ ከእናቲቱ ወጪ ላይ በቀጥታ ይነሳላታልና። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ግን በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ጎተራው በጎደለበት፣ ሽንኩርቱ በተወደደበት፣ እህሉ በዓመቱ ከፍተኛ ዋጋ ላይ በደረሰበት ወቅት።